ብርድ ልብስ ለአሶሳ

ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ተሸክሞ አሶሳ የገባ ሰው ከእኔ በፊት ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ብቻዬን መሳቂያ አልሆንም። ብርድ ልብሱን የላከችው እናቴ ናት። የእናቴ ዓለም ደብረ ብርሃን ላይ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ ያልቃል። ሰው የትም ይሁን የት ይበርደዋል ብላ ነው የምታምነው። «እማዬ፣ አሶሳ እኮ ሰው በነጠላ የሚያድርበት ቆላ ነው» ብላት «ሌሊቱን አታውቂውም» አለችኝ። ብርድ ልብስ ነጋዴ ሆኜ ብርድ ልብስ አያስፈልግም ብዬ ስከራከር ደግሞ አላማረብኝም፤ ተውኩት።

የጉዞው ምክንያት ግን ብርድ ልብሱ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ነው። ዳዊት በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ የቀደሰ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ ጉባ ሄዶ ግድቡ ላይ በኤሌክትሪክ ሥራ ቆየ፤ ሥራው ሲያልቅ አሶሳ ቤት ተከራይቶ የሰው ቤት መብራት እየዘረጋ መኖር ጀመረ። የነቢያት ጾም ሲገባ እናቴ ደውላ «ያዝክ ወይ?» ብትለው፣ «እማዬ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ ከእንግዲህ አላምንም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ከጉሮሮዋ አይወርድ፣ እንቅልፍ ከዓይኗ አይገባ። በመጨረሻ ጠራችኝና «ሂጂ፣ ገናን አብረሽው ዋይ። ቤተ ክርስቲያን ይሄድ እንደሆነ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልልሽም» አለችኝ።

እኔ ግን አይቼ ብቻ ልመለስ አልነበረም የተነሣሁት። እጁን ይዤ ቅዳሴ ላስገባው ነው። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ጾም ሽሬ የማላውቅ፣ የማኅበር ተራዬን አስተጓጉዬ የማላውቅ ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ ለራሴ ስቆጥር ያኔ ኩራት አይመስለኝም ነበር።

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩና ጠዋት መናኸሪያ ተገኘሁ። የጉዞዬን የመጀመሪያ ቀን የምቆጥረው ከዚህ ነው። ብርድ ልብሱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። የአውቶቡሱ ረዳት አነሣውና «እናት፣ ምንድን ነው የታሰረው?» አለኝ። ብርድ ልብስ ነው አልኩት። «ለየት?» ለአሶሳ። ረዳቱ ለሾፌሩ ነገረው፣ ሾፌሩ ለፊት ወንበሮች፣ የፊት ወንበሮች ለኋላ። አምቦን ሳናልፍ ስሜ «ብርድ ልብሷ» ሆነ። ኬላ በደረስን ቁጥር ሁላችንም እንወርዳለን፤ ሻንጣ ይፈተሻል፤ የእኔም ማዳበሪያ ይፈታል። አንዱ ፈታሽ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ቆየና «ይሞቃል» ብሎ መለሰልኝ። መልሶ ማሰሩ ግን የእኔ ሥራ ነው። ከባኮ በኋላ ገመዱ እጄን ላጠው።

ነቀምት ያረፍንበት ቤት ንጹሕ ነው፤ አስተናጋጇም ትሑት ልጅ። «የጾም ምን አለ?» ብላት ትንሽ አሰበችና «ሽሮ አለ። ግን ቅቤ ነክቶታል» አለችኝ። እኛ አገር በጾም ቅቤ የነካ ድስት ከምድጃ አይጠጋም። በዳቦና በሻይ አደርኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ በዳቦና በሻይ ማደሬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጎኔ ጥብስ የሚበሉትን ተሳፋሪዎች እያየሁ እኔ ሌላ ነኝ አልኩ በልቤ። አልጋ ላይ ሆኜም ለዳዊት የምነግረውን አደራጀሁ፤ እሱ ይህን ቢል እኔ ይህን፣ እሱ ቢስቅ እኔ ያንን። ስገላበጥ ነጋ።

ሁለተኛው ቀን የገና ዋዜማ ነው። ሐሳቤ ማታ አሶሳ ገብቼ ዳዊትን ይዤ ለቅዳሴ መሄድ ነበር። ጊምቢን አለፍን፣ ነጆን አለፍን፤ ሹራቤን አወለቅሁ። መንዲ ስንደርስ ጋቢዬንም አጣጠፍኩ። ደብረ ብርሃን በዚህ ሰሞን ጠዋት ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የሚነጋው፤ እዚህ ሰው በሸሚዝ ማንጎ ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ተኝቷል። ከጎኔ የተቀመጠችው ጫልቱ የምትባል የባምባሲ ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወለጋ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። ሙዝ ገዝታ እኩሌታውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ ስለ ወንድሜ ሁሉንም ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም፤ ግን የሌላውን ገመና ሲያወሩ መንገድ ያጥራል።

ባምባሲ መግቢያ ላይ መኪናው ሸተተ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ ቆመ። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል አሉ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ያዘና ሸንኮራ መግመጥ ጀመረ፤ እኔ ብቻ ከሾፌሩ አናት ላይ ቆምኩ።

«ዛሬ ዋዜማ እኮ ነው። ቅዳሴ ሊያመልጠኝ ነው።»

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «እናቴ፣ መኪናው ገና መሆኑን አያውቅም» አለኝ።

ከመሸ በዚያ መንገድ መኪና አይንቀሳቀስም። ጨለማው እየቀረበ ሲመጣ ልቤ ተንገበገበ፤ ወዲያ እሄዳለሁ፣ ወዲህ እመለሳለሁ። ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። ጫልቱ ማዳበሪያዬን ከመሬት አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና «ነይ፤ ቤቴ ቅርብ ነው» አለችኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ብርድ ልብሱ ግን ሄዷል፤ ተከተልኳት።

ባሏ ኦቦ ዋቅጅራ ረጅም፣ ድምፁ የወፈረ ሰው ነው። እጅ ካስታጠበኝ በኋላ ጫልቱ ጨጨብሳ አቀረበች። እጄን ስሰበስብ አየችኝና «በዘይት ነው። ድስቱም አዲስ ነው፤ ላንቺ ብዬ ነው ያወጣሁት» አለች። ለእንግዳ ሃይማኖት አዲስ ድስት የሚያወጣ ሰው አገሬ ላይ መኖሩን እንጃ። በላሁ፤ ጣፈጠኝ። በልተን ስንጨርስ ኦቦ ዋቅጅራ ለጸሎት ተነሣ፤ እኔም ከአክብሮት ብዬ ቆምኩ። ለወንድሜ ይጸልያል ብዬ ስጠብቅ በአጭሩ ለወንድሜ ጸለየና ወደ እኔ ተመለሰ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን እህታችንን አሳርፋት። ለልቧም ትሕትና ስጣት።»

እንዴት እንደተናደድኩ! ማን ጠየቀህ? የጠፋው እኮ ወንድሜ ነው። ልጆቹ ሁሉ አሜን ሲሉ እኔ አፌን ዘጋሁ። ጫልቱ አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች፤ እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ያ ሰው ምኔን አይቶ እንዲህ አለ እያልኩ አደርኩ። ልደቱ ሲከበር እንዲህ ተገላብጬ አለፈኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ገና፣ በጠዋት በሚኒባስ አሶሳ ገባሁ። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ መንገዱም ሰፊ፣ ሰማዩም ሰፊ። ደብረ ብርሃን ሰው ከብርዱ እየሸሸ አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሁሉም ቀና ብሎ በዝግታ ይራመዳል። ዳዊት ማታ ስላጣኝ ከማለዳ ጀምሮ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል፤ ጠቁሯል። ማዳበሪያውን ሲያይ ሳቀ።

«እማዬ ናት አይደል?»

«እሷ ናት።»

አቅፎኝ ቆየ። ከዚያ «ቅዳሴ ደረስሽ?» አለኝ።

«መኪናው ተበላሽቶብኝ ባምባሲ አደርኩ።»

«እሺ እታለም» አለና ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ልጠይቀው የመጣሁትን እሱ ጠየቀኝ።

ዳዊት የተከራየው እማማ የሺ ግቢ ውስጥ ነው። እማማ የሺ በሰፈራ ዘመን ከወሎ ከባላቸው ጋር የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ተበትነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖረው ንግግራቸው ገና ወሎ ነው። ጉንጬን ስመው አልጠገቡም። «እኔማ ትናንት ትገቢያለሽ ብዬ፤ ይኸው ዶሮው አንቺን ሲጠብቅ አደረ» አሉ። ቀይ አውራ ዶሮ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ታስሯል። በደንቡ ዋዜማ ታርዶ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ከቅዳሴ መልስ ይፈሰክበታል። እሳቸው ግን እንግዳዋ ሳትመጣ አይታረድም ብለው አቆይተውታል። ሽንኩርቱ ቁሌት ሆኖ ምድጃ ላይ ተቀምጧል።

አንባቢዬ እንደሚያውቀው ሴት ልጅ ቢላዋ አንሥታ አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት በበዓል ቀን ሴቲቱ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ክርስቲያን ወንድ ሲያልፍ ትለምናለች። እማማ የሺ ከዚህ የተገላገሉት ዳዊት ከተከራየ ወዲህ ነው። ቢላዋውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡት።

«በል ዳዊቴ፣ ወደ ምሥራቅ ዙርና ስሙን ጥራ።»

ዳዊት ዶሮውን በክንፉ ይዞ ዞረ። ከአፌ ሲወጣ አላወቅሁትም ብል ውሸት ነው፤ አውቄዋለሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ልጅ እኮ አያምንም። ሳያምን ቢባርከው ውሸት፣ ሳይባርክ ቢያርደው በክት ነው። እንዴት አድርገን እንበላዋለን?»

እማማ የሺ ደንገጥ እንኳን አላሉም። «እሱንማ ባለፈው ፋሲካ ነግሮኛል፣ የኔ እናት። አንተ ስሙን ጥራው፣ መስማቱ የሱ ፈንታ ነው ብዬዋለሁ።»

ዳዊት ግን ዶሮውን መልሶ አሰረ፤ ቢላዋውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። «እሷ ልክ ናት እማማ» አለና ወጥቶ ሄደ።

እማማ የሺ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ። «እንግዲህ አንቺው ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሴትየዋ ሌሊቱን ቆመው አስቀድሰው እስካሁን አልፈሰኩም። «እማማ፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ይቅመሱ» ብላቸው «እንግዳዬን ሳላስፈስክ?» አሉ።

ዶሮውን ታቅፌ በር ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰዋል፤ ዶሮው ክንዴን ይቧጭረኛል። እኔ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ተነሥቶ ወንበር የሚለቅልኝ ሴት፣ አላፊ አግዳሚውን እለምናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ባለባጃጅ ቆመልኝ። «ክርስቲያን ነህ ወንድሜ?» ብለው «ሙስሊም ነኝ። ባርድልሽም አትበይውም» ብሎ ስቆ፣ እንኳን አደረሳችሁ ብሎኝ ሄደ። ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ በክንዱ የያዘ ጎልማሳ መጣ። ቢላዋውን ለመቀበል እጁን ዘረጋና «ጴንጤ ነኝ። በኢየሱስ ስም ባርኬ አርድላችኋለሁ» አለ። አነጋገሩ የወለጋ ነው፤ ኦቦ ዋቅጅራን አስታወሰኝ። ተንተባተብኩ። ገባውና «ግዴለም፣ መልካም በዓል» ብሎ አለፈ። ትናንት የእነሱን ጨጨብሳ በልቼ፣ በአልጋቸው ተኝቼ! ጠርቼ ልመልሰው ፈለግሁ፤ አልጠራሁትም።

ብዙ ቆይቶ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ሰውዬ መጣ። ደስ አለኝ። ሲቀርብ አረቄው ከሩቅ ሸተተኝ። ሦስት ጊዜ አማተበና «አምጪው፣ እኔ የማርያም ልጅ ነኝ» ብሎ ቢላዋውን ሲቀበል እጁ ይንቀጠቀጣል። በእኔ ሕግ እኮ ይሄ ሰው ይሆናል፤ ክርስቲያን ነው፣ ያምናል፣ ስሙን ይጠራል። ዶሮውን ወደ ኋላ ሸሸግሁት። «ተወው ወንድሜ፣ ሰው አግኝተናል» አልኩት። ቢላዋውን ከእጁ እየወሰድኩ ሰው የቱ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ዶሮውን እንደታቀፍኩ ዳዊትን ፍለጋ ጎረቤት ገባሁ። ጎረቤቱ አቶ ሐሚድ ይባላሉ፤ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ፊት ለፊት በቀርከሃ ዳስ ሥር ዳዊት ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ተቀምጧል። አቶ ሐሚድ ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «መርሐባ። አንተ የዳዊት እህት ነህ? ግባ፣ ተቀመጥ። ዳዊት ጥሩ ሰው ነው። ሌሊት እማማን ቤተ ክርስቲያን ወሰደ። እኔ ለሱብሒ ሶላት ተነሣ፣ በር ላይ አየሁት፣ እማማን ይዞ መጣ።»

ዳዊትን አየሁት። «ሄደህ ነበር?»

«ውጭ ነው የቆምኩት» አለኝ። «መንገዱ ጨለማ ነው፤ ብቻዋን አትሄድም። ከአጥሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።»

«ሙሉ ቅዳሴውን?»

«ሌላ የት እሄዳለሁ?»

ያደራጀሁት መልስ ሁሉ፣ ነቀምት አልጋ ላይ የደረደርኩት ጥቅስ ሁሉ፣ አንዱም አልመጣልኝ። «እንዴት ሆኖ ነው ዳዊት? ምን ሆንክ?» ነው ያልኩት።

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት። ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ያለፍኩበትን ሁሉ ተመልሼ ፈለግሁ። ከሰው የተጣላሁ ይመስልሻል፤ ከማንም አልተጣላሁም።» ኦቾሎኒውን ወደ እኔ ገፋው። «ለእማማ የሺ ስሙን ስጠራ ጸሎቱ የእሷ ነው ብዬ ነበር የምጠራው። አሁን ግን አንቺ ፊት አልጠራውም። ማስመሰል ይሆንብኛል።»

«እሺ፣ እኔ እጠራዋለሁ» አልኩት። «አንተ እረድ።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ አቶ ሐሚድም ባይገባቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ተመለስን። ዶሮውን እግሩንና ክንፉን ይዤ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ፤ ዳዊት ቢላዋውን አነሣ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምለው ቃል ነው፤ እንጀራ ስቆርስ፣ ሱቄን ስከፍት፣ ስደነግጥ። በዚያች ሰዓት ግን እየሰማሁት ነው ያልኩት። የሚሰማኝ ባይኖርስ የሚል ፍርሃት እንደ ብርድ በጀርባዬ አለፈ። ዳዊት ለካ እዚህ ላይ ነው የቆመው። «አሐዱ አምላክ» ብዬ እስክጨርስ ጠበቀኝና አረደው።

እማማ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «ይኸው፣ ሁለት ሆናችሁ አንድ ክርስቲያን ወጣችሁ» አሉና ውሃ ሊያሞቁ ገቡ።

ወጡ ሲደርስ ቀኑ ወደ ማታ ዘንበል ብሏል። እማማ የሺ በእጃቸው አጎረሱኝ። ዳዊትን ሲያጎርሱት ጾሙን ሁሉ የእሳቸውን ሽሮ አብሯቸው ሲበላ እንደከረመ ነገሩኝ። «ለብቻ ድስት አልጥድለትም» አሉ። አቶ ሐሚድ ኦቾሎኒያቸውን ይዘው መጥተው ከጎናችን ተቀመጡ። የእኛን ዶሮ አይነኩም፤ እኛም አንጋብዛቸውም፤ ቅር ያለው ሰው ግን አልነበረም። ለእናቴ ልደውል ስልኬን ወደ ማንጎው፣ ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ ይዤ ዞርኩ፤ ኔትወርክ የለም።

በማግስቱ ወደ አገሬ ስነሣ ዳዊት ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ሰቅሎት አየሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ክፍሉን እንደ ምጣድ ያደርገዋል፤ ብርድ ልብሱ ጥላ ሆነለት። «ለእማዬ ምን ልበላት?» አልኩት። «ያየሽውን» አለኝ።

የመልሱ መንገድ አላለቀልኝም። ባምባሲ ላይ መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ የጫልቱን ቤት በመስኮት ፈለግሁ፤ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ነው፤ ለየትኛው እጄን እንደማነሣ አላወቅሁም። ነቀምት ደርሼ አልጋ ላይ እንደገና ተገላበጥኩ። ሄዷል ብላት ውሸት ይሆን? አልሄደም ብላት ደግሞ ከዚያ የባሰ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ራሴን ጨርሶ ረሳሁና የኦቦ ዋቅጅራን ጸሎት አስታውሼ ብቻዬን በዚያ ጨለማ «አሜን» አልኩ። ዘግይቶ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ስገባ እናቴ እሳት ዳር ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። አቅፋኝ ሳትለቀኝ ጠየቀችኝ።

«ሄደ?»

«እስከ አጥሩ በር ሄዷል። እስኪያልቅ ውጭ ቆሟል። ጭራሽ ያልሄድኩት እኔ ነኝ።»

የመኪናውን ነገር፣ የጫልቱን ድስት፣ ዶሮውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀና አለች። ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ግማሹን ራሷ በላች። ሲርባት ካየኋት ቆይቻለሁ።

«በር ላይ የቆመ ሰው ብርድ ሲጸናበት ይገባል» አለች።

«እማዬ፣ አሶሳ ብርድ የለም እኮ።»

እሳቱን ቆሰቆሰች።

«እንግዲያው ፀሐይ ሲበረታበት ለጥላ ይገባል» አለችና ሁለተኛውን ዳቦ ቆረሰች።